ገጽ ሠላሳ አንድ

ሳቫና ውስጥ ዛፎች ጢም አላቸው፣
ሽበት መሳይ ሀረግ፣ እስከ አስፋልቱ የወረደ፤
ለሽምግልና የተቀመጡ ይመስላሉ፣
ግን አንዱም አልፈረደ።

በሥራቸው አልፌ ነው ጠበቃዋ ቢሮ የገባሁት፣
የሆስፒታሉን ፋይል በፌስታል ይዤ።
መቶ አርባ ገጽ።
አስናቀ በአንድ ሌሊት ይህን ያህል ተጻፈ፣
በዕድሜው ሙሉ አንድ ደብዳቤ ያልጻፈ።

ወይዘሮ ቬርኔል መነጽሯን አወለቀች፤
«አምንሻለሁ» አለች።
ወዲያው «ግን» መጣ፣
እንደ ሒሳብ ደረሰኝ፣ ሳይጠሩት የሚመጣ።

«የኔ ማመን ለፍርድ ቤቱ ምኑም አይደል፣
ያንቺም ልቅሶ እንደዚያው።
ሐኪም ያስፈልገናል፣
ያውም የድንገተኛ ክፍል ሐኪም፣ የዚያው ሙያ፣
ያውም ከሥራው ያልራቀ፣
‹ጥፋት አለ› ብሎ፣ ምሎ የሚፈርም።
ወረቀቱ ከክሱ ጋር ካልታሰረ
በሩ አይከፈትም።»

እኔ በወሬ የማውቀው ሙግት
ከሳሹ ቆሞ «ተጠየቅ!» የሚልበት ነው፣
መሬቱን በዘንግ እየመታ።
እዚህ አፍሽን ከመክፈትሽ በፊት
አፍ የሚያከራይሽ ያስፈልግሻል።
ሙያ በልብ ነው፣ ሲባል ነው ያደግሁት፤
እዚህ ሙያ በማኅተም ነው።

ሁለት ዓመት ብቻ ነው የተሰጠኝ።
እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤
ይጥራ፣ ማን ከለከለው፣
ቀን ቆጣሪው ግን ንጋትን አይጠብቅም።
ስምንቱን ወር ልቅሶ በላው፣
አራቱን ፋይሉን ልመና፣
የቀረውን ሐኪም ፍለጋ።

አንዱ፣ «ልጄና የሰውየው ልጅ አንድ ቡድን ውስጥ ናቸው» አለ።
አንዱ የልብ ሐኪም ነው፣ ሆድ አያገባውም።
አንድ ደግ ሽማግሌ አነበበውና ዐይኑ እንባ አቀረረ፤
ጡረታ ከወጣ ግን ሰባት ዓመቱ፣
ሕጉ እንባውን አይቆጥርም።
አንዷ ዋጋዋን በሰዓት ነገረችን፤
አስናቀ ወደቡ ላይ ኮንቴይነር ሲጎትት
በሳምንት የሚያገኘውን።
አንዱ ምንም አላለም።
ምንም አለማለቱ እስካሁን ይሰማኛል።

አልፈርድባቸውም።
እፈርድባቸዋለሁ።
እሾህን በእሾህ ይሉ የለ፤
የትኛው እሾህ ነው ግን
ወንድሙን ሊነቅል እየሮጠ የሚመጣ?

በሃያኛው ወር ከኦሃዮ ስልክ ተደወለ፤
ሊንድኲስት የሚባል፣ ጉንፋን የያዘው፣
ከሌሊት ተራው የወጣ።
እግዜር ያጽናሽ አላለኝም።
«ገጽ ሠላሳ አንድን አይተሽዋል?» አለ።

ቃለ መሐላው አራት ገጽ ሆኖ መጣ።
አስናቀ የሚል የለበትም፤
«ታካሚው» ይላል፣ «ወንድ፣ አርባ አንድ ዓመት»።
ትርፍ አንጀት ይላል፣ የነጭ ደም ሴል ቁጥር፣
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ የደረሰ፣
ማንም ያልከፈተው ውጤት፣
የጨጓራ ሽሮፕ አስይዘው ቤቱ እንደሰደዱት።
ቬርኔል ቀስ እያለች አነበበችልኝ፤
አንቀጽ ዘጠኝ ላይ ደረሰች፦

«የታካሚው ሚስት ለተረኛዋ ነርስ እንደገለጸችው
ሕመሙ ከእምብርት ተነሥቶ ወደ ቀኝ ወርዷል፤
ይህም በገጽ ሠላሳ አንድ ሰፍሯል፤
ሐኪሙ ይህን አንብቦ ቢሆን ኖሮ…»

በቃ፣ አልኳት። አንዴ ቁሚልኝ።

ያን ሌሊት እንግሊዝኛው ከድቶኝ
በጣቴ ነበር የተናገርኩት፣
በገዛ ሆዴ ላይ፦
መጀመሪያ እዚህ። አሁን እዚህ።
ነርሷን ስሟን አላውቀውም፤
ጥፍሯ ሐምራዊ ነበር፣
ራሷን ነቀነቀች፣ ጻፈች።
ሃያ ወር ሙሉ
የሰማኝ የለም ስል ነበር።

ሕግ ሆይ፣
ያለ ባለሙያ አትናገሪ ያልከኝ፣
ባለሙያህ የማለው በማን ጣት ነው?

ክሱ ሰኞ ይገባል።
«ይሄ ገና በሩ ነው» አለች ቬርኔል፣
«እነሱም የሚምልላቸው ሐኪም ይዘው ይመጣሉ።»
ይምጡ።

ወጣሁ። ጢማሞቹ እንደተቀመጡ ናቸው።
የመኪናዬን በር ከመክፈቴ በፊት
ጣቴን እምብርቴ ላይ አኖርኩና
ቀስ ብዬ
ወደ ቀኝ አወረድኩት።